ሰሌዳው ከመውደቁ በፊት፦ የፍሮስትና የኒክሰን ቃለ መጠይቅ እንዴት ተዘጋጀ

ዴቪድ ፍሮስት በእጁ የነበረውን የወረቀት ሰሌዳ ወለሉ ላይ ጣለው። ጥያቄዎቹ፣ ቀኖቹ፣ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጡት ንግግሮች ያሉት እዚያ ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ የተቀመጡት ሪቻርድ ኒክሰን ናቸው። ካሜራው እየቀረጸ ነው። ፍሮስት ከዚያ በኋላ የተናገረውን ከወረቀት አላነበበም፤ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የመለሱትንም ከዚያ ቀደም በአደባባይ ተናግረውት አያውቁም።

ይህ ቃለ መጠይቅ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ይህችን ቅጽበት ነው። ለጀማሪ ጠያቂም እንደ ምክር ትነገራለች፦ ወረቀቱን ተወው፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ ከልብህ ጠይቅ። ምክሩ ጆሮ ይስባል። እኔን ግን ጉዳዩን ባየሁት ቁጥር የሚገርመኝ ሰሌዳው ከመውደቁ በፊት የተጻፈበት ነገር ነው። ባዶ ሰሌዳ ቢወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር። ቀኖቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዳው ለምን ተቀመጡ?

ጁን 17 ቀን 1972 ሌሊት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ዋተርጌት በሚባለው ሕንፃ፣ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት አምስት ሰዎች ሰብረው ገብተው ተያዙ። ዱካቸው ወደ ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ አመራ። ኒክሰንን የጣላቸው ግን ሰብሮ መግባቱ ሳይሆን እሱን ለማዳፈን የተሠራው ሥራ ነው። ፕሬዝዳንቱ በቢሯቸው የሚደረገውን ንግግር በምስጢር ያስቀዱ እንደነበር በጁላይ 1973 በሴኔት ፊት በተሰጠ ምስክርነት ታወቀ። ከአንድ ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጂዎቹን እንዲያስረክቡ ያለ አንድ ተቃውሞ ወሰነ። ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ፤ ወር ሳይሞላ ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ ሙሉ ምሕረት አደረጉላቸው።

ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ ይህ ምሕረት ነው። ኒክሰን ተከሳሽ ሆነው ችሎት ፊት አልቆሙም። ሕዝብ እያያቸው መስቀለኛ ጥያቄ የመለሱበት ቀንም አልነበረም። ስለዚህ ሊጠይቃቸው የሚቀመጥ ሰው ወደደም ጠላም ያልተሰየመውን ችሎት ቦታ ይይዛል። ቃለ መጠይቁ በውጭ ጉዳይ፣ በአገር ውስጥ ፖለቲካ፣ በሰውየው ሕይወት ዙሪያ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ግን አንድ ነገር ነው።

አንድን እንግዳ ለመጋበዝ ከማሰብ በፊት ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይገባል፦ ይህ ሰው እዚህ ቢቀመጥ ሌላ ቦታ ያልተገኘ ምን ይገኛል? ዓረፍተ ነገሩ ካልተጻፈ የሚቀጥለው ዝግጅት ሁሉ እንግዳውን የማስተዋወቅ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ቃለ መጠይቅ የሚሞተው እዚህ ነው፤ ካሜራው ገና ሳይበራ።

ውሉ

ፍሮስት እንግሊዛዊ ነው፤ ቀረጻው ሲጀመር 37 ዓመቱ ነበር፣ በመካከሉ 38 ሞላው። ሰው የሚያውቀው በቧልትና በእንግዳ ፕሮግራሞቹ ነው። ኒክሰንን ፕሬዝዳንት ከመሆናቸው በፊት በ1968 አነጋግሯቸው ነበር፤ በ1970 ደግሞ ተጋብዞ ዋይት ሀውስ ውስጥ የገና ዝግጅት አቅርቧል። የኒክሰን ሰዎች «ይህ ሰው አይከብደንም» ብለው ቢገምቱ አይፈረድባቸውም።

ውሉ በኦገስት 1975 ተፈረመ። ክፍያው 600,000 ዶላር፣ በዚያ ላይ ከትርፉ 20 በመቶ ነው። ትልልቆቹ የአሜሪካ የቴሌቪዥን አውታሮች ፕሮግራሙን አልወሰዱትም፤ ፍሮስት ከባለሀብቶች ገንዘብ ለምኖ፣ የራሱንም አውጥቶ፣ ከመቶ በላይ ለሆኑ ጣቢያዎች በየተራ ሸጠው። ለእንግዳ መክፈልን እኔም አልወደውም። የተከፈለው ሰው ለተከፈለበት ነገር ትዕይንት ሊሠራ ይችላል፤ ተመልካቹም ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም ልክ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ላይ ብቻ ያፈጠጠ ሰው በዚያው ውል ውስጥ የነበሩትን ሁለት አንቀጾች ያልፋቸዋል። ኒክሰን ጥያቄዎቹን አስቀድመው አያዩም። በአርትዖቱም ላይ ሥልጣን የላቸውም።

በምላሹ እሳቸው ያገኙት የርዕስ ክፍፍል ነው። እያንዳንዳቸው ዘጠና ደቂቃ የሚፈጁ አራት ፕሮግራሞች ይሠራሉ፤ ዋተርጌት የሚይዘው ከአራቱ የአንዱን ያህል ነው። ይህ ፍትሐዊ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቻይናን ከፍተው፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የመሣሪያ ስምምነት ፈርመው ያለፉ ሰው ስለ አንድ ሌሊት ስርቆት ብቻ ሊጠየቁ አይመጡም።

ርዕስ መንገርና ጥያቄ መስጠት ለየቅል ናቸው። እንግዳ በምን ጉዳይ እንደሚጠየቅ ማወቁ መብቱ ነው፤ ቀኖችን ያስታውሳል፣ ሰነዱን ያገላብጣል፣ መልሱም ይጠራል። ጥያቄው ራሱ በጽሑፍ ከደረሰው ግን የምትቀርጸው ጮክ ብሎ የተነበበ ደብዳቤ ነው። «ጥያቄውን ላኩልኝ» የሚል እንግዳ ሲመጣ መላኩ ይቀላል፤ እንቢ ብሎ በምትኩ ርዕሶቹን፣ የሚፈጀውን ጊዜና የሚቀርብበትን ቦታ በዝርዝር መንገር ደግሞ ትንሽ ጭቅጭቅ አለው። ጭቅጭቁ ግን ከመቅረጽ በፊት ቢያልቅ ይሻላል። ፍሮስት የጨረሰው ከሃያ ወር በፊት ነው።

መዝገቡ ውስጥ የተገኘው

ፕሮዲዩሰሩ ጆን በርት ነበር፤ በኋላ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር የሆነው ሰው። ለጥናቱ ጋዜጠኛው ቦብ ዜልኒክና ጸሐፊው ጄምስ ሬስተን ልጁ ተቀጠሩ፤ የዋተርጌት ድርሻ በዋናነት የሬስተን ነበር። ሬስተን ጉዳዩን እንደ ጨዋታ አላየውም። ለእሱ ይህ ያመለጠው ችሎት ነው፤ የሚያዘጋጀውም የጥያቄ ዝርዝር ሳይሆን የክስ መዝገብ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የጉዳዩ ሥጋ ያለው እዚህ ነውና።

ስለ ዋተርጌት በ1976 ያልተባለ የለም ማለት ይቻላል። የምክር ቤት ምርመራ ተደርጓል፣ የረዳቶቻቸው ችሎት ተካሂዷል፣ የቅጂዎቹ ግልባጭ በመጽሐፍ ታትሟል። ሌላ ሰው ቢሆን የታተመውን አንብቦ ጥያቄ ማውጣት ይበቃኛል ይል ነበር። ችግሩ ግን የታተመውን ሁሉ ኒክሰንም አንብበውታል። ቃል በቃል ያውቁታል። ለእያንዳንዱ አንቀጽ ማብራሪያ አላቸው፤ ማብራሪያውን ለዓመታት ሲያሹት ኖረዋል።

ሬስተን ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ወረደ። እዚያ ኒክሰን ከአማካሪያቸው ቻርልስ ኮልሰን ጋር ያደረጓቸውን፣ በችሎት ጥቅም ላይ ያልዋሉና ለሕዝብ ያልደረሱ ንግግሮች ግልባጭ አገኘ። አንደኛው የጁን 20 ቀን 1972 ነው። ይህ ቀን የታወቀ ቀን ነበር፤ ኒክሰን ከጽሕፈት ቤት ኃላፊያቸው ሃልደማን ጋር የተነጋገሩበት ቴፕ ላይ አሥራ ስምንት ደቂቃ ተኩል ያህል የጠፋበት ቀን ነው። አገሩ ሁሉ ስለጠፋው ደቂቃ ሲከራከር፣ በዚያው ዕለት ከሌላ ሰው ጋር የተደረገው ንግግር መዝገብ ቤት ተኝቶ ነበር። ሌላው የፌብሩዋሪ 1973 ነው። እዚያ ላይ ኒክሰን ስለ ማዳፈኑ ሥራ ራሳቸው ያነሳሉ፤ ጉዳቱ መቀነስ ያለበት እዚያ ላይ ነው ይላሉ። እንደ ኒክሰን የቆየ አቋም ከሆነ ግን የማዳፈኑን ሥራ ያወቁት ማርች 21 ቀን 1973 የሕግ አማካሪያቸው ጆን ዲን ሲነግራቸው ነው። የፌብሩዋሪው ንግግር ከማርቹ ቀን በአምስት ሳምንት ይቀድማል።

በሺህ ከሚቆጠር ገጽ ውስጥ የተገኘው ይህ ነው፤ ጥቂት ገጾች። ስለ ዝግጅት ስናወራ ብዛት የምንቆጥር ሰዎች አለን፦ ይህን ያህል መጽሐፍ አነበብኩ፣ ይህን ያህል ጥያቄ አወጣሁ። የዚህ ቡድን ሥራ የሚለየው አንድ ነገር ለይቶ በመፈለጉ ነው፦ እንግዳው መልስ ያላዘጋጁለት ቦታ የት ነው? ይህ ጥያቄ ለተቃዋሚ እንግዳ ብቻ አይደለም። ደስ የሚል፣ የምናከብረው እንግዳም ቢሆን መቶ ጊዜ የተጠየቃቸው ጥያቄዎችና መቶ ጊዜ የመለሳቸው መልሶች አሉት። የቀድሞ ቃለ መጠይቆቹን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ጥቅሙም ከእነሱ ጥያቄ መቅዳት ሳይሆን እነዚያን ጥያቄዎች ማስወገድ ነው።

ቡድኑ የሠራው ሌላው ነገር ልምምድ ነው። ዜልኒክ ኒክሰንን ሆኖ ይቀመጣል፤ እንደ እሳቸው ይመልሳል፣ እንደ እሳቸው ርዕስ ይቀይራል፣ እንደ እሳቸው ይቆጣል። ልምምዱ ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂ ለራሱ ጥያቄ ጆሮ የሚያገኘው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ወረቀት ላይ የተሳለ የሚመስል ጥያቄ አፍ ውስጥ ሲገባ ሦስት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል፤ እንግዳውም ከሦስቱ የሚቀለውን መርጦ ይመልሳል። ይህን በልምምድ ላይ ማወቅ ይሻላል።

ፍሮስት ራሱ ግን ከዚህ ዝግጅት ብዙውን ጊዜ ጎድሎ ነበር። ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ጣቢያ ሲያሳምን፣ ማስታወቂያ ሲሸጥ ነው የከረመው። ሬስተን በዚህ ይቆጣ ነበር። የቁጣው ምክንያትም ቀረጻው ሲጀመር ታየ።

የማይረሳ መጥፎ አጀማመር

ቀረጻው ሊካሄድ የታሰበው ሳን ክሌሜንቴ በሚገኘው የኒክሰን ቤት ነበር። በአቅራቢያው ያለው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የሬዲዮ ምልክት ከመሣሪያዎቹ ጋር ስለተጋጨ፣ ሞናርክ ቤይ ውስጥ ወዳለ አንድ የግል ቤት ተዛወረ። ቴክኒክ ብለን የምንንቀው ነገር ነው፤ ቦታውን ቀድሞ ሄዶ ያልሞከረ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው እንግዳው ከተቀመጡ በኋላ ነው።

ማርች 23 ቀን 1977 ፍሮስት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰነዘረ። ብዙ ርዕስ እንደሚያነሱ ከተናገረ በኋላ፣ ከቅደም ተከተሉ ወጥቶ ሁሉም ሰው እንዲጠይቅለት የሚፈልገውን አንድ ጥያቄ እንደሚያስቀድም ገለጸ፦ ቴፖቹን ለምን አላቃጠሏቸውም?

ጥያቄው ለተመልካች ግሩም ነው። ለቃለ መጠይቁ ግን እንደ እኔ እምነት መጥፎ መነሻ ነበር። «ሁሉም የሚጠይቀው» ማለት እንግዳው ለሁሉም የመለሱት ማለት ነው። ኒክሰን ረጅም፣ የተደላደለ፣ ከቀድሞ ፕሬዝዳንቶች የቅጂ ልማድ የሚነሳ መልስ ነበራቸው፤ ሰጡትም። ፍሮስት ሊያስደነግጣቸው ያሰበበት ደቂቃ እሳቸው ወንበራቸውን የተመቻቹበት ሆነ።

የሚቀጥሉት ቀናትም በዚያው መንገድ ሄዱ። ቬትናም፣ ካምቦዲያ፣ ቻይና፣ ሶቪየት ኅብረት። ኒክሰን ይተርካሉ፤ ትረካው ደግሞ ይማርካል። መሪዎችን ያስመስላሉ፣ ከጥያቄው ይነሱና ዳር ዳሩን ዞረው ሌላ አገር ላይ ያርፋሉ። ሲያበቁ ጥያቄው ምን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ፍሮስት በጨዋነት ይጠብቃል። ቡድኑ ከጀርባ ሆኖ ጸጉሩን ይነጫል፦ ጊዜው እየበላን ነው፣ ሰውየው ምስላቸውን እያጸዱ ነው።

ይህ የጊዜ መግደል ስልት ፖለቲከኛ ብቻ የሚጠቀምበት እንዳይመስላችሁ። በጣም ደግ እንግዳም ሳያውቅ ያደርገዋል። መድኃኒቱም ማቋረጥ አይደለም፤ ወይም ማቋረጥ ብቻ አይደለም። ሰፊ ጥያቄ ሰፊ መልስ ይጋብዛል። «ስለ ካምቦዲያ ውሳኔዎ ምን ያስባሉ?» የሚል ጥያቄ ለተናጋሪ ሰው የሜዳ በር መክፈት ነው። «በዚያ ቀን ይህን ትእዛዝ ሲሰጡ ይህ ሪፖርት ደርሶዎት ነበር?» የሚለው ግን ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ጎን መሄጃ የለውም።

ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ በመድረክና በሲኒማ የሚታይ አንድ ትዕይንት አለ፤ ኒክሰን ሌሊት ሰክረው ለፍሮስት ስልክ ይደውላሉ፣ ፍሮስትም ከዚያ በኋላ ነቅቶ ለዋተርጌት ይዘጋጃል። ያ ጥሪ የጸሐፌ ተውኔት ፈጠራ ነው። እውነተኛው ነገር ለድራማ አይመችም፦ የከሸፉትን ቀናት ቅጂ ማየት፣ ከቡድኑ ጋር መጨቃጨቅ፣ ከዚያ መዝገቡን ይዞ መቀመጥ።

ኤፕሪል 13 እና 15

የዋተርጌት ቀረጻ ሲደርስ አሠራሩ ተቀየረ። ፍሮስት «ስለ ዋተርጌት ምን ይላሉ?» ብሎ አልጀመረም። በቀን ሄደ። ጁን 20 ምን ተባለ፣ ጁን 23 ምን ታዘዘ፣ ከዚያስ? ቀን መከተል በጣም ተራ አደረጃጀት ይመስላል። ለእንግዳ ግን ከባድ ነው፤ ስለ ኋላ ማብራራት ከመጀመሩ በፊት ስለ ፊቱ እውነት መስጠት አለበት።

ከኮልሰን ጋር የተደረጉት ንግግሮችም እዚህ ወጡ። ፍሮስት ሲያነብባቸው ኒክሰን አልጠበቋቸውም። እነዚያን ገጾች ለመጨረሻ ማስደንገጫ አላስቀመጣቸውም፤ ገና በጊዜ አወጣቸው። ይህ ብልህነት ይመስለኛል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንግዳው ሌላ ምን እንዳለ አያውቁም። ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር ሁሉ ከእውነተኛ ክብደቱ በላይ ከበደ። ቀድሞ «እንዲህ አላልኩም» ብለው ሊያልፉ ይችሉ የነበሩበትን ቦታ ሁሉ አሁን በጥንቃቄ ይረግጡታል።

ጁን 23 ላይ ሲደርሱ ክርክሩ ሕግ ሆነ። በዚያ ዕለት ኒክሰን ሲአይኤ የኤፍቢአይን ምርመራ እንዲያስቆም የቀረበላቸውን ሐሳብ ተቀብለው ነበር። ምርመራው በመጨረሻ ስላልቆመ ፍትሕን ማደናቀፍ አይባልም የሚል መንገድ ሞከሩ። ፍሮስት ለዚህ የሕግ አንቀጽ አላነበበም። ባንክ ልዘርፍ ሞክሬ ባይሳካልኝ ይህ መከላከያ አይሆነኝም፣ ለመዝረፍ ሞክሬያለሁ አላቸው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል፣ ከዚያ ወዲያ ረጅም ማብራሪያ ሁሉ ሽሽት መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለ ምሳሌ ቦታው ላይ እንደዋዛ የመጣ ይመስላል። ግን ኒክሰን በዚህ በር እንደሚወጡ ያልገመተ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሊጠብቃቸው አይችልም።

ከዚያ የዝምታ ገንዘቡ መጣ፤ ሰብረው የገቡት ሰዎች አፋቸውን እንዲይዙ ተከፈለ የተባለው። ኒክሰን ገንዘቡ ለታሰሩት ሰዎች ቤተሰብና ጠበቃ እንጂ ለአፍ ማስያዣ አልነበረም ይላሉ። ፍሮስት አልተከራከረም። የማርች 21ን ግልባጭ አነሳና የራሳቸውን ቃላት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከአሥር በላይ። በመካከሉ ትችት የለም፣ ቅጽል የለም። ኒክሰን አስቆሙት፦ ከአውዱ አውጥተህ እያነበብክ ነው፣ እኔ አንዲት ማስታወሻ እንኳ ሳልይዝ ነው የተቀመጥኩት አሉ። ክሱ ጥሩ ነበር። ግን ቃላቱ ተነበዋል፤ ተመልካቹም ሰምቷቸዋል።

ኃይለኛ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያምረው ሰው ይህን ክፍል ቢያየው ደግ ነው። ፍሮስት «ዋሽተዋል» አላለም። ቢል ኖሮ ስለ ቃሉ ይጨቃጨቁ ነበር። ሰውየውን ከራሳቸው ጋር አፋጠጣቸውና ዞር አለ።

ቀረጻው ሲቆም

በኤፕሪል ቀረጻ መካከል ኒክሰን ስሜታቸው ተነካ። በ1973 ሁለቱን የቅርብ ረዳቶቻቸውን፣ ሃልደማንንና ኤርሊክማንን፣ ካምፕ ዴቪድ ጠርተው ያሰናበቱበትን ቀን ሲተርኩ፣ ማታ ስተኛ ጠዋት ባልነቃ ብዬ ልጸልይ ምንም አልቀረኝም አሉ። ስህተት ሠርቻለሁ እስከማለትም ደረሱ። ፍሮስት ከ«ስህተት» የሚያልፍ ቃል ፈለገ። በዚህ ፍልሚያ መሐል ከካሜራው ጀርባ የነበረው የኒክሰን ሹም፣ የቀድሞው መኮንን ጃክ ብሬናን፣ ምልክት አሳየ። ቀረጻው ቆመ።

የእንግዳው ሰዎች ሲያስቆሙ ብዙ ጠያቂ ይናደዳል፤ ወይም ይደነግጣል። እዚህ ቤት ግን እረፍቱ ጠቀመ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ተማከሩ። ኒክሰን የሆነ ነገር መናገር እንደሚፈልጉ፣ እንደ ተከሳሽ ተገፍተው ግን እንደማይናገሩት ግልጽ ሆነ። ፍሮስት ከዚያ የወሰደው ትምህርት የአቀራረብ ነው፦ መዝገቡ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚህ በኋላ መዝገብ መጨመር እንግዳውን ወደ ጠበቃነት ይመልሳቸዋል።

ካሜራው ሲበራ ኒክሰን መልሰው ጠየቁት፦ አንተ እንዴት ትገልጸው ነበር? ጠያቂ የማይዘጋጅበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ መጠየቅ። ሰሌዳው የወደቀውም ያኔ ነው።

ፍሮስት ሦስት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ የነበረው ከስህተት በላይ ነው፣ ጥፋት ነበር፣ ወንጀልም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሥልጣን አላግባብ አጠቃቀም ነበር፣ መሐላው በሙሉ አልተፈጸመም። ሦስተኛ፣ የአሜሪካ ሕዝብ ሁለት ዓመት ያላስፈላጊ ስቃይ አይቷልና ይቅርታ ይገባዋል። ይህን መናገር ለእርስዎ ከማንም በላይ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ካልተናገሩት ግን ዕድሜ ልክዎን ሲያሳድድዎ ይኖራል አላቸው።

ሦስቱ ነጥቦች ያለ ወረቀት የመጡ ናቸው፤ ግን ልብ ብሎ ለሚያያቸው የመዝገቡ ማጠቃለያ ናቸው። ሰውየው ወረቀቱን መጣል የቻለው ወረቀቱን ስለጨረሰው ነው።

ኒክሰን ወዳጆቼን አሳፈርኩ፣ አገሬን አሳፈርኩ፣ የመንግሥት ሥርዓታችንን አሳፈርኩ አሉ። የአሜሪካን ሕዝብ አሳፈርኩ፣ ይህንንም ሸክም እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ተሸክሜው እኖራለሁ አሉ። ፍሮስት ዝም አለ። እዚህ ላይ «አመሰግናለሁ» ወይም «ታዲያ ለምን…» ብሎ የሚገባ ጠያቂ ስንት ነው!

የተገኘውን ግን አናጋንነው። ኒክሰን ወንጀል ሠርቻለሁ አላሉም፤ በሕግ ፊት የሚያስጠይቅ ነገር አላደረግኩም የሚለውን አቋማቸውን እንደያዙ ወጡ። ከሦስቱ ነጥቦች በሙሉ ልባቸው የመለሱት የመጨረሻውን ነው። ከስርጭቱ በኋላ ጋሉፕ ባደረገው የሕዝብ አስተያየት ጥናት 72 በመቶው ኒክሰን ፍትሕን በማደናቀፍ ጥፋተኛ ናቸው፣ 69 በመቶው ደግሞ አሁንም እየሸፋፈኑ ነው ብሎ መልሷል። ተመልካቹ አልተታለለም፤ ያየውን አይቶ የራሱን ፈረደ።

ሁለተኛው አደረጃጀት

ቀረጻው አሥራ ሁለት ቀን ወስዶ 28 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ። የታሰበው ስርጭት ስድስት ሰዓት ነበር። ከተባለው ከአምስት አራት እጅ ያህሉ ሊቀር ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ቡድኑ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው፦ ዘግይቶ የተቀረጸው ዋተርጌት መጀመሪያ ተላለፈ፣ ሜይ 4 ቀን 1977። 45 ሚሊዮን ሰው አየው።

ይህ ብዙ ጠያቂ የማይለየውን ነገር ያሳያል። ለእንግዳው የሚመች ቅደም ተከተልና ለተመልካች የሚመች ቅደም ተከተል አንድ አይደሉም። እንግዳ ከቀላሉ ጀምሮ፣ መድረኩን ለምዶ፣ ጠያቂውን አምኖ ነው ወደ ከባዱ የሚደርሰው። ተመልካች ደግሞ ለከባዱ ነው የመጣው። በቀጥታ ስርጭት ከሆነ ሁለቱን ማስታረቅ ግድ ነው። በቀረጻ ከሆነ ግን እንግዳውን በእሱ መንገድ ማስኬድና መንገዱን ለተመልካች በኋላ መገልበጥ ይቻላል፤ የመልሱ ትርጉም እስካልተዛባ ድረስ። ፍሮስት ማርች 23 ላይ የሳተው ይህን ነው፤ የተመልካቹን ጥያቄ ለእንግዳው መክፈቻ አደረገው።

ከአራቱ ፕሮግራሞች የተረፈው ደግሞ አልተጣለም፤ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አምስተኛ ፕሮግራም ወጣው።

ማንም ያላቀዳት

አሁንም ድረስ ከዚህ ቃለ መጠይቅ በብዛት የምትጠቀሰው ዓረፍተ ነገር ከዋተርጌቱ ምሽት የተገኘች አይደለችም። ሜይ 19 በተላለፈው ሦስተኛ ፕሮግራም ውስጥ ናት። ወሬው በ1970 ስለታቀደው የሂውስተን ዕቅድ ነበር፤ ሰብሮ መግባትን፣ ደብዳቤ መክፈትን፣ ስልክ መጥለፍን የሚፈቅድ ዕቅድ። ኒክሰን ስለ ጊዜው አስቸጋሪነት፣ ስለ ተቃውሞው፣ ስለ ፕሬዝዳንት ኃላፊነት ያብራራሉ።

ፍሮስት አዲስ ጥያቄ አላመጣም። የሰማውን ብቻ በቀላል ቃል መልሶ አስቀመጠላቸው፦ እንግዲህ እንደ እርስዎ አባባል፣ ፕሬዝዳንቱ ለአገር ይጠቅማል ብሎ ከወሰነ ሕገ ወጥ ነገር ሊያደርግ የሚችልበት ሁኔታ አለ ማለት ነው?

«ፕሬዝዳንቱ ካደረገው፣ ሕገ ወጥ አይደለም ማለት ነው።»

«በትርጓሜው» አለ ፍሮስት።

«በትክክል፣ በትክክል» አሉ ኒክሰን፤ ማብራሪያቸውንም ቀጠሉ።